ሼዱ ከመቆሙ በፊት፦ ተፈናቃዮችን በወረዳና በቀበሌ የልማት ዕቅድ ለማሳተፍ ዝርዝር መመሪያ

የወረዳ ዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ከሠራሁባቸው ፕሮጀክቶች አንድ የገበያ ሼድ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይወጣም። ሼዱ የታሰበው ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን ለመጡ ሰዎች ነበር፤ በሰነዱ ላይም እንዲሁ ተጽፏል። ቆርቆሮው ተመታ፣ ወለሉ ተለሰነ፣ ሪባን ተቆረጠ። ከሦስት ወር በኋላ ስሄድ በውስጡ አንድም ተፈናቃይ አጣሁ። መደብ ለመከራየት ንግድ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ለንግድ ፈቃድ የቀበሌ መታወቂያ፤ ለመታወቂያ ደግሞ ከቀድሞው ቀበሌ የተጻፈ መሸኛ። የቀድሞው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከነመዝገቡ ተቃጥሏል። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ ከሼዱ ደጃፍ ማዳበሪያ አንጥፈው ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ቆርቆሮው ሳይመታ ብትጠይቁን እኮ እንነግራችሁ ነበር» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔም ነበር። ስብሰባ ጠርተን ነበር፤ ፊርማ ያለበት የስም ዝርዝርም አለ። ሰዎቹ የተጠሩት ግን ዲዛይኑ ካለቀና ቦታው ከተመረጠ በኋላ ነው፤ የቀረላቸው ማጨብጨብ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አሳትፈናል» ለሚል ሁሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ እነሱ ባይናገሩ ኖሮ ዕቅዱ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር? መልሱ «ያው ይሆን ነበር» ከሆነ ተሳትፎ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን የጻፍኩት ለቀበሌ አመራሮች፣ ለወረዳ ባለሙያዎችና ለድርጅት ፕሮጀክት ኃላፊዎች ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ገንዘብ አዋጥተው በትውልድ አካባቢያቸው ትምህርት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ ለሚያሠሩ የተወላጅ ማህበራትም ይጠቅማል፤ እነሱ የሚያስታውሱት ቀበሌ ዛሬ ሌላ ሕዝብ ተጨምሮበት ይሆናልና።

መነሻው ሕግ ነው

የውስጥ መፈናቀል ክትትል ማዕከል እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ደርሷል፤ በዚያ ዓመት ከዓለም ከፍተኛው ነበር። የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ መፈናቀል የዚያ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቁጥሩ 5.1 ሚሊዮን ደረሰ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ በመጠለያና በሰው ቤት ዓመታት አሳልፈዋል። በባቢሌና በጅግጅጋ መካከል ባለው የቆሎጂ መጠለያ በ2010 ዓ.ም. የተወለዱ ሕፃናት ለትምህርት ቤት ደርሰዋል። ለወራት የታሰበ የእርዳታ ዕቅድ ለእንዲህ ያለ ኑሮ አይበቃም፤ ወደ ወረዳው መደበኛ ዕቅድ መግባት አለባቸው።

«እነሱ የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ናቸው፤ የእኛ ነዋሪዎች አይደሉም» የሚል ካቢኔ ያጋጥማችኋል። እኔን በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል። ሁለት ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። አንደኛው ሕገ መንግሥቱ ነው፦ አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍና ማህበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሁለተኛው የአፍሪካ ኅብረት በአገር ውስጥ ስለተፈናቀሉ ሰዎች ያወጣው የካምፓላ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጸድቆ በ2012 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን አገራችን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 9 ተፈናቃዮችን ማማከርና በሚመለከቷቸው ውሳኔዎች እንዲሳተፉ ማድረግ የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ መመለስ፣ ባሉበት መኖር ወይም ሌላ ቦታ መስፈር የሚለውን አውቀውና ፈቅደው እንዲመርጡ ያስገድዳል። ስለ አንቀጽ 13 ከታች እመለስበታለሁ፤ ያ ሼድ ያለ ተፈናቃይ የቀረው እሱን ባለማወቃችን ነው።

አንደኛ፦ በጀቱ ሳይዘጋ ድረሱ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ምክር ቤቱ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ እጅ አውጥቶ በጀት ሲያጸድቅ ዋናው ምርጫ ካለቀ ወራት ተቆጥረዋል። የቀበሌ ጥያቄዎች ተሰብስበው፣ ሴክተር መሥሪያ ቤቶች አሳንሰዋቸው፣ ካቢኔው አይቷቸዋል። ስለዚህ ከተፈናቃዮች ጋር የምታደርጉት ውይይት ጥር ወይም የካቲት ላይ ይጀመር። ግንቦት ላይ ከጀመራችሁ ግን የምታወሩት ስለ ቀጣዩ ሳይሆን ከዚያ ስለሚከተለው ዓመት መሆኑን ለሰዎቹ በግልጽ ንገሯቸው።

ወደ መጠለያ ከመሄዳችሁ በፊት ወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉና ሦስት ነገር አረጋግጡ። የቀበሌ ጥያቄ የሚዘጋው መቼ ነው? ከደመወዝና ከሥራ ማስኬጃ ተርፎ ለካፒታል የሚውለው ስንት ነው? ከመንግሥት በጀት ውጭ በወረዳው የሚንቀሳቀስ ገንዘብ የትኛው ነው? እኔ በሠራሁበት ወረዳ የሦስተኛው መልስ ከሁለተኛው ይበልጥ ነበር። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ የሕዝብ ሥራ ዕቅድ አለ፤ ድርጅቶችም የራሳቸው በጀት አላቸው። በጀቱን ሳታውቁ ሰው ፊት ከቆማችሁ የማትፈጽሙት ቃል ከአፋችሁ ይወጣል።

ሁለተኛ፦ ቁጥሩን እንደገና ሥሩት

አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ወረዳው ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ የሚያቅድበት ቁጥር ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ የተተነበየ ነው፤ ትናንት ማታ በአይሱዙ ተጭነው የገቡትን ቤተሰቦች አያውቃቸውም። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሰው የታሰበ ነው። 2,400 ተፈናቃይ የተጨመረበት ቀበሌ ይህን ድንበር ሲያልፍ በወረቀት ላይ ግን ምንም አልተለወጠም።

የመጠለያውን ቁጥር ማግኘት ቀላል ነው፤ የመጠለያ አስተባባሪዎችም ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅትም ይይዙታል። የሚረሱት በዘመድ ቤት የተጠጉትና አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ናቸው። በሸራ ሥር ስለማይኖሩ ማንም አያያቸውም። እነሱን ለማግኘት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጠይቁ፤ ቤት ለቤት ስለሚዞሩ አዲስ እርጉዝና አዲስ ሕፃን ከማንም በፊት ያውቃሉ። ርዕሰ መምህሩን ያለ ትራንስክሪፕት የተመዘገቡ ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ ጠይቁ። የእድር ዳኞችን፣ ካህናትንና ኢማሞችን አነጋግሩ። ቀን ሠራተኛ በሚቆምበት ማዕዘን ጠዋት 12 ሰዓት ተገኝታችሁ አንድ ሰዓት ብትቆዩ በቢሮ በአንድ ሳምንት የማታገኙትን ትሰማላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ። ለዕቅድ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ነው፦ ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ሴት የምትመራው ቤት፣ ስንት ለትምህርት የደረሰ ልጅ፣ ስንት አካል ጉዳተኛ። የሰውን ስም ከመጣበት ቦታና ከብሔሩ ጋር አያይዛችሁ በመዝገብ አትያዙ። ያ መዝገብ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ማንም ዋስትና ሊሰጣችሁ አይችልም፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በስማቸውና በመጡበት ምክንያት አንድ ጊዜ ተባረዋል።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ የምትናገሩት

በተፈናቃይ ዘንድ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ማለት እርዳታ መዝጋቢ ማለት ነው። ይህን ካላጠራችሁ ቀጥሎ የምትሰሙት ሁሉ ለምዝገባ የተዘጋጀ መልስ ይሆናል። ስለዚህ ሰላምታው እንዳለቀ በራሳቸው ቋንቋ እንዲህ በሉ፦ «ለእርዳታ ምዝገባ አልመጣንም። ስም አንጽፍም። ዛሬ የምትናገሩት ራሽናችሁን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ወረዳው ለመጪው ዓመት ዕቅድ እያወጣ ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ እናንተም እንድትገቡበት ነው የመጣነው። ያለው ገንዘብ ይህን ያህል ነው፤ ሁሉን አይሠራም። የተወሰነውንና ያልተወሰነውን በዚህ ቀን መጥተን እዚሁ እንነግራችኋለን።»

ይህን ብላችሁ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል። ይሂድ። የቀረው ጋር የምታወሩት እውነተኛ ወሬ ነው፤ የሄዱትም ቃላችሁን እንደጠበቃችሁ ሲያዩ በሁለተኛው ዙር ይመጣሉ።

አራተኛ፦ ማን ይወክላቸው?

በየመጠለያው ኮሚቴ አለ። አብዛኛው የተቋቋመው ለእርዳታ ክፍፍል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ይበዙበታል፤ ሊቀመንበሩም ከማንኛውም እንግዳ ጋር መነጋገር ሥራው ሆኗል። ኮሚቴውን አክብራችሁ በበሩ ግቡ፤ እሱን አልፋችሁ ከሄዳችሁ ሥራችሁ ይሰናከላል። የእሱን ቃል ግን የሁሉ ቃል አድርጋችሁ አትውሰዱ። ዱቄት ሲከፋፈል የተቀየመ ሰው ዕቅድ ሲወጣ በዚያው ሰው አንደበት አይናገርም።

እኔ የምመክረው ለዕቅድ ሥራ ብቻ የሚመረጥ አነስ ያለ ቡድን ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰው፣ ግማሹ ሴቶች። በመጠለያ ያሉት፣ በኪራይ ያሉትና በዘመድ ቤት ያሉት ለየብቻ ይምረጡ። ቢያንስ አንድ አካል ጉዳተኛ ይኑር፤ «ማን ይሁን?» የሚለውንም አካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው ይወስኑ። ከተለያየ ቦታ የመጡ ሰዎች አንድ መጠለያ ውስጥ ካሉ በመጡበት ቀበሌ ተከፋፍለው ተወካይ ያቅርቡ። በተፈናቃዮች መካከል ያለውን ሽማግሌ አትርሱ። ከቀዬው ሲነሣ ሽምግልናው አብሮት መጥቷል፤ ነባሩ የቀበሌ አመራር ግን ስለማያውቀው አይጠራውም።

የሴቶቹ ውይይት ለብቻ ይሁን፤ ሴት ታወያያቸው። ቡና ቢፈላ መልካም ነው፤ ወጪው ግን ከፕሮጀክቱ ይሁን፤ ከእነሱ ጓዳ አይውጣ። በአቦልና በቶና መካከል የማይባል ነገር በበረካው ላይ ሲነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ አለመቆለፉ፣ እንጨት ለቀማ የሚኬድበት ጫካ አስፈሪነት፣ በጨለማ ውሃ የሚቀዳበት መንገድ፤ እነዚህ ሁሉ ወንዶች ባሉበት ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍረው አላየሁም።

ሰዓትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ከጠራችሁ ለቀን ሥራ የወጣው ሁሉ ይቀራል። ከ11 ሰዓት በኋላ ወይም በበዓል ቀን አድርጉት፤ የገበያና የራሽን ቀንን ተዉ። ቦታውም ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ወይም የቀበሌ ካድሬዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አይሁን።

አምስተኛ፦ «ምን ይጎድላችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰሙት አስቡ። መኪናችሁ በር ላይ ያለውን አርማ አይተው ይመልሱላችኋል፤ የውሃ ድርጅት ከሆነ ውሃ፣ የጤና ከሆነ መድኃኒት። ተንኮል የለበትም፤ ሊሰጥ የሚችለውን መጠየቅ ከኑሮ የተማሩት ጥበብ ነው።

እኔ የምጀምረው በትናንት ነው። «እማማ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ እስኪተኙ የት የት ሄዱ? ምን ያህል ወሰደብዎ? ስንት ከፈሉ?» ከዚያ መሬት ላይ በአመድ፣ በጠጠርና በእንጨት የአካባቢውን ካርታ እንዲሠሩ አደርጋለሁ፤ መጠለያው፣ ቦኖው፣ ወፍጮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሚፈሩት ቦታ። ልጆችም ይሥሩ፤ ውሻ የሚያባርራቸውን መንገድ ከእነሱ ሌላ ማንም አያውቀውም። ይህ ካርታ ከተሠራ በኋላ «ምን ይጎድላል» ማለት አያስፈልግም፤ ርቀቱም ወጪውም አደጋውም እግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል።

ቀጥሎ የሚመጣው «እዚያ ሳላችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ አትዝለሉት። ሰው ተፈናቃይ ከተባለ በኋላ ግንበኛ፣ ንብ አናቢ፣ ነርስ፣ ቡና ገበሬ መሆኑ ይረሳል። በአንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት ሊሠራ ግንበኛ ከዞን ከተማ ሲፈለግ፣ ከትምህርት ቤቱ 400 ሜትር ርቆ በሸራ ሥር የድንጋይ ሥራ የለመዱ ሰዎች ሥራ ፈተው ተቀምጠው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ነገ ነው፤ እሱን በጥንቃቄ ያዙት። «ትመለሳላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ?» ብላችሁ በጉባኤ አትጠይቁ። መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል፤ «እንቀራለን» ያለ ሰው ቀዬውን እንደተወ ይቆጠርብኛል ብሎ ይፈራል፤ «እንመለሳለን» ያለ ደግሞ ነገ ጠዋት መኪና እንዳይቆምበት ይሰጋል። በዕቅድ ለመግባት ይህን መወሰን የለባቸውም። እናንተ ማጣራት ያለባችሁ ፕሮጀክቱን ነው፦ ሰዎቹ ቢቆዩ ይጠቅማቸዋል? ቢመለሱስ ለነባሩ ነዋሪ ይቀራል? የመማሪያ ክፍል፣ የጤና ኬላ ማስፋፊያ፣ የውሃ መስመር ሁለቱንም ያልፋሉ። ሙያ፣ የትምህርት ማስረጃና ቁጠባ ደግሞ ሰውየው በሄደበት አብረውት ይሄዳሉ። ለተፈናቃይ ብቻ ተብሎ ከከተማ ርቆ የሚሠራ ሕንፃ ሁለቱንም ፈተና ይወድቃል።

ስድስተኛ፦ ነባሩን ነዋሪ ከጎን አድርጉ

እህሉን ያካፈለው፣ ጎተራውን የከፈተው፣ በአንድ ክፍል 90 ተማሪ ሲቀመጥ ዝም ያለው ነባሩ ነዋሪ ነው። መጠለያው ውስጥ አዲስ ቦኖ ሲተከል እሱ ከወንዝ እየቀዳ ከቀጠለ ቅሬታው በተፈናቃዩ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ካወያያችሁ በኋላ አገናኟቸው። ስታገናኙ ሁለት ነገር ይዛችሁ ቅረቡ፦ ቁጥርና ጥራጥሬ።

ቁጥሩን በውሃ እንይ። «ስፊር» የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ ይላል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው ደግሞ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 25 ሊትር ነበር። አንድ ቀበሌ 6,000 ነባር ነዋሪና 2,400 ተፈናቃይ አለው እንበል። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ለነባሮቹ በ25 ሊትር 150,000 ሊትር ያቅዳል፤ ድርጅቱ ለተፈናቃዮቹ በ15 ሊትር 36,000 ሊትር። ድምሩ 186,000 ነው። ሁሉንም ሰው በአንድ ሚዛን ብታስቀምጡ ግን 210,000 ሊትር ያስፈልጋል። ልዩነቱ በቀን 24,000 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ተኩል ገደማ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ነው። ሁለት ዕቅድ ለየብቻ ሲሠራ ይህ ጉድለት በማንም ወረቀት ላይ አይታይም፤ የሚታየው በቦኖው ሰልፍ ላይ በሚነሣ ጠብ ነው። ዝቅተኛው የነፍስ አድን መለኪያ ሦስትና አራት ዓመት ለቆየ ሰው የኑሮ ልክ መሆን የለበትም፤ በዚህ አልደራደርም።

ጥራጥሬው ለምርጫ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ጣሳ አዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ላይ የታሰበውን ሥራ ሥዕል ለጥፉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይገለል። ለያንዳንዱ ሰው አምስት ፍሬ ስጡ፤ ለተፈናቃዮች ባቄላ፣ ለነባሮቹ ሽምብራ። ጣሳዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይሁኑ፤ ሰው አንድ በአንድ ገብቶ ይጣል፤ ማን የት እንደጣለ ማንም አይይ። ሴቶችና ወንዶች በተለያየ ዙር ይግቡ። ሲያበቃ ሁሉም ፊት ገልብጣችሁ ቁጠሩ። ባቄላና ሽምብራ የበዛበት ጣሳ ሁለቱም የሚስማሙበት ነው፤ ከዚያ ጀምሩ። አንዱ ብቻ የበዛበት ጣሳ ደግሞ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የጣሉት ወገኖች ለሌሎቹ ያስረዱ።

በአንድ ቀበሌ ነባሮቹ መንገድ፣ ተፈናቃዮቹ መጠለያ እንደሚያስቀድሙ ገምተን ነበር። በሴቶቹ ዙር ሁለቱም ጥራጥሬ የሞላው የወፍጮ ቤት ጣሳ ነበር። ነባሮቹ እህል ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ፤ ተፈናቃዮቹ የሚሰጣቸው ስንዴ ሳይፈጭ ስለሆነ ለማስፈጫ ከራሽኑ ቆንጥረው ይሸጣሉ። በእኛ ዝርዝር ወፍጮ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ሊሰረዝም ተቃርቦ ነበር።

ሰባተኛ፦ የመሸኛ ፈተና

ይህ ደረጃ ከዚያ ሼድ የተማርኩት ስለሆነ ሳይዘለል እንዲሠራ እለምናለሁ። የተመረጠውን እያንዳንዱን ፕሮጀክት ይዛችሁ ከተፈናቃይ ተወካዮቹ ጋር ቁጭ በሉና አንድ ሰው በምናባችሁ አስገቡበት፤ ባሏን ያጣች፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ወረቀት የሌላት ሴት። ከዚህ ፕሮጀክት ለመጠቀም ምን ወረቀት ትጠየቃለች? ማን ይሰጣታል? ስንት ትከፍላለች? በምን ቋንቋ ትስተናገዳለች? ልጆቿን ማን ይጠብቅላታል? የት ላይ እንደምትቆም ታያላችሁ፤ ያ መቆሚያ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ይታቀድ።

አብዛኛውን ጊዜ የምትቆመው መሸኛው ላይ ነው። የካምፓላ ስምምነት አንቀጽ 13 እዚህ ይመጣል። በመፈናቀል የጠፋ ሰነድ ሲተካ ተመጣጣኝ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ መጣል እንደሌለበት ይናገራል፤ እንደ ምሳሌ የጠቀሰውም ሰነዱን ለማግኘት ወደ ቀድሞ መኖሪያ እንዲመለሱ ማድረግን ነው። ይህን ይዛችሁ ለወረዳው አስተዳደር አንድ ገጽ ጻፉ፦ መሸኛ ማምጣት የማይችል ተፈናቃይ ከዚያው ቀበሌ በመጡ ሦስት ሰዎች ምስክርነት ጊዜያዊ መታወቂያ እንዲያገኝ፤ ንግድ ጽሕፈት ቤትና ቁጠባ ተቋማትም እንዲቀበሉት። በጀት አይጠይቅም። አንድ ደብዳቤና አንድ ማኅተም ከአንድ ሼድ የበለጠ ሰው ወደ ሥራ ያስገባል።

ስምንተኛ፦ ምክር ቤት ድረስ አብራችሁ ሂዱ፣ መልስ ይዛችሁ ተመለሱ

የተስማሙበት ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ከመፈረማቸው በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። ቅጂው በተወካዮቹ እጅ ይቅር። ቀበሌው ጥያቄውን ለወረዳ ሲያቀርብ ቢያንስ ሁለት ተወካዮች ከቀበሌው ሰዎች ጋር ይገኙ፤ ምክር ቤቱ በጀት በሚያጸድቅበት ቀንም በታዛቢነት እንዲቀመጡ ከአፈ ጉባኤው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የትራንስፖርትና የቀን ገቢ ማካካሻ ይከፈላቸው። ለሠራተኛ የሚከፈል አበል ለእነሱ የሚከለከልበት ምክንያት የለም፤ የዚያን ቀን ሥራቸውን ትተው ነው የመጡት።

ከዚያ ቃል በገባችሁበት ቀን ተመለሱ። ይህን ደረጃ የሚዘልለው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል። ውሳኔው ጥሩ ሲሆን ሁሉም ይመለሳል፤ ጥያቄው ሲወድቅ ማንም አይመለስም። ትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ የጠየቃችሁት፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ። «በጀት አልበቃም» ብቻ ምክንያት አይሆንም፤ ስንት ያስፈልግ ነበር፣ ስንት ነበረ፣ ምን ቀደመው የሚለው ይጻፍ። መጠለያው ውስጥም ቀበሌው ግድግዳ ላይም ለጥፉት። የወደቀ ጥያቄ ይዞ መምጣት ከባድ ነው፤ እኔ አንድ ጊዜ ስሄድ ድምፄ ተንቀጥቅጧል። ሰዎቹ ግን አዳመጡኝ፤ አንድ አዛውንት «መጥተህ መንገርህ ይበቃል» አሉኝ፤ በቀጣዩ ዓመት ከማንም በፊት ስብሰባ የተገኙት እሳቸው ነበሩ።

ዘጠነኛ፦ ለሚመለሱና ለልማት ለሚነሡ

ወረዳችሁ ተፈናቃዮች የሚመለሱበት ከሆነ ዕቅዱ ሰዎቹ ካሉበት መጠለያ ይጀምር። ተወካዮቹ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ቀዬያቸውን ሄደው ይዩ፤ ከቀሩት ጎረቤቶቻቸው ጋርም ይነጋገሩ፤ ተመልሰውም ለሌሎቹ ያዩትን ይናገሩ። ቤት፣ ውሃ፣ መሬትና ሰላም አንድ ላይ ይታዩ። ቤቱ ተሠርቶ መሬቱ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ሰውየው ተመልሶ ይፈናቀላል።

በመንገድ፣ በግድብ ወይም በከተማ ማስፋፊያ የሚነሡ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ካሳና በቂ የመንግሥት ድጋፍ እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ዝርዝሩን ይዟል። የካሳውን ድርድር ከአዲሱ ሰፈር ዕቅድ ለዩት። ሁለቱ በአንድ ስብሰባ ሲነሡ ካሳው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል፤ የአዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት፣ ቤተ እምነትና የመቃብር ቦታ ሳይነሣ ይቀራል። እድሩ ሳይበተን አንድ ላይ እንዲሰፍሩ ጠይቁላቸው።

አሥረኛ፦ ሥራው ሲጀመር

ከተመረጠው ቡድን ቢያንስ ሁለት ሰው፣ አንዷ ሴት፣ የግንባታ ክትትል ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ። የጨረታውን ዋጋና የሥራውን መጠን የሚያሳይ አንድ ገጽ በእጃቸው ይኑር፤ ሲሚንቶና አሸዋ ሲቀላቀል ቆጥሮ ማየት የሚችል ግንበኛ ከመካከላቸው አይጠፋም። የጉልበት ሥራው ለነባሮችና ለተፈናቃዮች በምን ድርሻ እንደሚሰጥ ሥራው ሳይጀመር ይስማሙ፤ ከተጀመረ በኋላ የሚደረግ ድርድር ወደ ጠብ ያመራል። የቦኖ ክፍያ ለሁለቱም አንድ ይሁን፤ መክፈል የማይችሉትን ማን እንደሚለይም ኮሚቴው ይወስን።

በዓመቱ መካከል ሰዎች ሊሄዱ ይችላሉ፤ አዲስ ሰዎችም ሊመጡ። በየሦስት ወሩ ቁጥሩን እንደገና ተመልከቱ። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ተፈናቃይ ሆና ወደ ቀዬዋ የምትመለስ ከሆነ ሒሳቡን በስብሰባ ፊት ዘግታ ታስረክብ፤ ተተኪዋም ከቀሩት ተፈናቃዮች መካከል ትመረጥ። ለሠራችበትም ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ስጧት፤ በሄደችበት ቀበሌ ያንን ወረቀት የሚጠይቃት ሰው አይጠፋም።